ላም አለኝ በሰማይ፣ ባሕር አለኝ ከአጥር ጀርባ

ነጭ አሸዋ ያለበትን የባሕር ዳርቻ ፎቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጉዞ ወኪሎች ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይታተማል፣ በየሰው ስልክ ላይ አለ። አንድ ዘንባባ ጎንበስ ብሎ፣ ከሥሩ እንደ ዱቄት የነጣ አሸዋ ተነጥፎ፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ያልለየለት ውኃ። ሰው የለም። ካለም ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች። እኔ ይህን ፎቶ ባየሁ ቁጥር አሁን አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ከፎቶ አንሺው ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ልከራከርበት የፈለግኩት ሐሳብ አጭር ነው። «የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው» ብሎ ሕግ ላይ መጻፍ ዳርቻውን የሕዝብ አያደርገውም። የሕዝብ የሚያደርገው ወደ ዳርቻው የሚያስገባው መንገድ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ሕጉ ምንም ያህል ቢያምር ነገሩ ያው አባቶቻችን እንዳሉት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህንን ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። የኬንያን የባሕር ጠረፍ ተከትለን በሞተር ሳይክል ስንጓዝ በዓይኔ አይቼው ነው።

«ባሕር በሌለው አገር ተቀምጠሽ ስለ ባሕር ዳርቻ ምን አገባሽ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። ለጊዜው ሐይቆቻችንን በልባችሁ ያዙልኝና እንቀጥል።

ቦታው ዲያኒ ይባላል። ከሞምባሳ ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ስማቸው ከገነነ የባሕር ዳርቻዎች አንዱ ነው። እንዴት ሄድሽ ለሚለኝ፣ ናይሮቢ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ ባለፈው ክረምት እሱን ልጠይቅ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ወረድኩ። ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን አንዳችን ወደ ሌላችን አገር ስንገባ ቪዛ ስለማንጠየቅ ፓስፖርት የያዘ ሰው ብዙ አይቸገርም። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ሄድን። ሞምባሳ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ከጓደኛው ቦክሰር የሚባለውን የሕንድ ሞተር ተውሶ መጣና «ነይ ውጪ፣ ባሕር በመኪና መስኮት አይታይም» አለኝ። እሱ ነዳ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከፊት መኪና በመጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ለመድኩት።

ሞምባሳ ደሴት ናት። በቅርብ ዓመታት ዙሪያውን የሚወስድ አዲስ መንገድ ቢሠራም የከተማው ሰው ወደ ደቡብ የሚሻገረው ዛሬም በብዛት በሊኮኒ ፌሪ ነው። እግረኛ በነፃ ይሻገራል፣ ሞተርና መኪና ይከፍላል። ጭነት የተሸከመው፣ ዩኒፎርም የለበሰው ተማሪ፣ ዶሮ ያንጠለጠለችው ሴት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ይቆማል። ቱሪስቱ ብዙውን ጊዜ ከናይሮቢ በትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ እዚያው ዲያኒ አጠገብ ኡኩንዳ ላይ ስለሚያርፍ ይህን ፌሪ አያየውም። የአካባቢው ሰው ግን ፌሪውን በየቀኑ ይሳፈርበታል፣ ሐዘኑንም ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994 በአቅራቢያው ምቶንግዌ በሚባለው መሻገሪያ ከአቅሙ በላይ የጫነ ፌሪ ሰጥሞ 272 ሰዎች ሞተዋል። ይህንን የማነሣው በከንቱ አይደለም። ለዳርቻው ነዋሪ ባሕር ፎቶ አይደለም፤ የሚሻገርበት፣ የሚሞትበትም፣ እንጀራውን የሚያወጣበትም ነው። በባሕሩ ላይ ማንም ከሱ የበለጠ መብት አለኝ ሊል አይችልም።

ከሊኮኒ በኋላ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። የኮኮናት ዛፍ፣ የማንጎ ዛፍ፣ ትንንሽ መስጊዶች፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሕፃናት። ሞተር ላይ ያለ ሰው መንገዱን በአፍንጫውም ያያል ማለት ይቻላል፤ የተጠበሰ ካሳቫ ይሸታል፣ የናፍጣ ጭስ ይሸታል፣ አልፎ አልፎ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል። ባሕሩ ግን አይታይም! እዚያው በግራችን እንዳለ እናውቃለን፣ ጨዉ ከንፈራችን ላይ አለ፣ ግን አይታይም። ኡኩንዳ ደርሰን ወደ ግራ ታጠፍንና ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄደው የዲያኒ መንገድ ላይ ወጣን። አሁንስ ይታያል ብዬ ስጠብቅ ያየሁት ግንብ ነው። ከግንቡ በኋላ በር። ከበሩ በኋላ ሌላ ግንብ። ግንቡ ላይ አበባ ተስቦበታል፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ የሆቴሉ ስም በሚያምር ፊደል ተጽፏል። ለኪሎ ሜትሮች እንዲህ ነው።

እዚህ መንገድ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አየሁ። ከወዲህ ዛፍ ወዲያ ዛፍ በአስፋልቱ ላይ የተዘረጉ የገመድ መሰላሎች አሉ። ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቅ ለጉሬዛ ነው ተባልኩ። በዲያኒ ጫካ የሚኖረው ጉሬዛ አስፋልቱን ሲሻገር በመኪና እየተገጨ ስላስቸገረ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዱር እንስሳት ተቆርቋሪዎች የሠሩለት መሻገሪያ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን እስቲ አስቡት፤ ጉሬዛው ወደፈለገበት የሚሻገርበት መሰላል አለው። ሰው ግን ወደ ባሕሩ የሚገባበትን መንገድ እየጠየቀ ነው የሚያገኘው።

እኛም ጠየቅን። አንድ በር ላይ ስንቆም ዘበኛው በትሕትና «የሆቴሉ እንግዶች ናችሁ?» አለን። አይደለንም። «እንግዲያው የቀን መግቢያ ትከፍላላችሁ» አለ። በሰውየው አልፈርድበትም፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። የአክስቴ ልጅ «ክፈይና እንግባ፣ ምን ታካብጃለሽ» ሲለኝ እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እንደዚያ በር ላይ ቆመን ሳለ ከሆቴሉ ውስጥ ባሕሩ ይሰማል፤ ሹሹታው ሳይከፍል ግንቡን ዘልሎ ይወጣል። ትንሽ ወረድ ብለን መንገድ ዳር እሸት ኮኮናት የሚሸጡ እናት አገኘንና የአክስቴ ልጅ በስዋሂሊ የባሕሩ መንገድ የት ነው ብሎ ጠየቃቸው። «ባሃሪ» የሚለውን ቃል እኔም ሳልተረጎምልኝ ሰማሁት፣ ያው የኛው ባሕር ነው። ሴትየዋ በቢላዋቸው አቅጣጫውን አመለከቱን። ሁለት ግንቦች መካከል ነው፣ ሞተር ካልሆነ መኪና የማያስገባ፣ ምልክት የሌለው፣ ቆሻሻ የተጣለበት ቀጭን መንገድ። «ድሮ ብዙ ነበሩ፣ አሁን ይቺ ቀረች» ማለታቸውን የአክስቴ ልጅ ተረጎመልኝ።

በዚያች መንገድ ገባን። እውነቱን ለመናገር ፎቶው አልዋሸም። አሸዋው ነጭ ነው፤ እንደ ጤፍ ዱቄት የደቀቀ ነው። ከሁሉ የገረመኝ በቀትር ፀሐይ እንኳ እግር አያቃጥልም። ነጭነቱ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቀው ነው። ውኃው ሸሽቶ ስለነበር ዓሣ አስጋሪዎች በሁለት ጎን መደገፊያ ያላት ቀጭን ጀልባቸውን እየጎተቱ ነበር። ክረምቱ የደቡብ ነፋስ ወቅት ስለሆነ የባሕር ሣር አሸዋው ላይ ተከምሯል፣ የሆቴሎቹም ሠራተኞች በመንሽ ይጠርጉታል። ሳንዳሌን በእጄ ይዤ ብዙ ሄድኩ። ዞር ብዬ ስመለከት ግን ያ ሁሉ ግንብ ከባሕሩ በኩል ሲታይ የለም ማለት ይቻላል፤ ዝቅ ያለ ደረጃ፣ ሣር፣ የመዋኛ አልጋ ነው የሚታየው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከባሕሩ በኩል ያለው ገጽ ክፍት ነው፣ ከመንገዱ በኩል ያለው ገጽ ዝግ ነው። ፎቶ አንሺውም፣ በአውሮፕላን የመጣው እንግዳም የሚያዩት ክፍቱን ብቻ ነው። በሞተር በመንገዱ የመጣ ሰው ግን ሁለቱንም ያያል።

አሸዋው የማን ነው? የሚለውን ለመመለስ መጀመሪያ ማን ሠራው? ብለን እንጠይቅ። የዲያኒ አሸዋ በአብዛኛው ከተራራ ተሸርሽሮ በወንዝ የመጣ ድንጋይ አይደለም። የኮራልና የዛጎል ስብርባሪ ነው። ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ ከውኃው በታች እንደ ግንብ የተዘረጋ ሕይወት ያለው የኮራል አለት አለ። አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር የሆነ ዓሣ በአለቱ ላይ የበቀለውን አልጌ ሲግጥ ኮራሉንም አብሮ ይቆረጥምና አድቅቆ በኩሱ ያወጣዋል። ያ ነው አሸዋው! አትሳቁ። በዓለም ላይ ካሉ ነጫጭ ዳርቻዎች ብዙዎቹ የዓሣ ኩስ ያለባቸው ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ አለቱ የባሕሩን ሞገድ ከሩቅ ስለሚሰብረው አሸዋው ተጠርጎ እንዳይሄድ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ በጨመረ ጊዜ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ኬንያን ጨምሮ፣ ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞቷል። አለቱ ሲታመም አሸዋውም ይታመማል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን አሸዋ አንድም ሆቴል አልሠራውም። ሆቴሉ የሚሸጠው ክፍሉን፣ ምግቡን፣ አገልግሎቱን ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን በብሮሹሩ የፊት ገጽ ላይ የሚያወጣው አልጋውን አይደለም፣ አሸዋውን ነው። በዚያ ላይ ራሱ ግንቡም አሸዋውን ይጎዳዋል። ውኃው ጫፍ ድረስ ተጠግቶ የተሠራ ግንብ ሞገዱን መልሶ ስለሚመታው ከፊቱ ያለውን አሸዋ ያስጠርጋል። የሁሉም የሆነውን ነገር አጥሮ የሚይዝ ሰው ነገሩን ራሱን ያጣዋል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት ወሰን አንሥቶ ሲሸሽ እስከሚቆምበት ወሰን ያለው መሬት ሁሉ የሕዝብ መሬት ነው ይላል። በጣም ግልጽ ነው። እንግዲያው ማንም ሆቴል አሸዋው ላይ የሚሄደውን ሰው «ውጣ» ሊለው አይችልም። ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። በዚያ ጠረፍ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ውኃው ሲሞላ ግንቡ ሥር የሚደርስበት ቦታ አለ፤ በዚያ ሰዓት የሕዝቡ መሬት የት ነው? ውኃ ውስጥ ነው! ሕዝቡ የመሬቱ ባለቤት የሚሆነው የቀኑን ግማሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ አሸዋውን ለሕዝብ ሲሰጥ ከአስፋልቱ እስከ አሸዋው ያለው መሬት ግን በየሰው እጅ ነው። ስለዚህ ዓሣ አስጋሪው አሸዋው ላይ ቆሞ ሳለ ሕጋዊ ነው፣ አሸዋው ላይ ለመድረስ ግን የሰው ግቢ መርገጥ አለበት። ከሰማይ ካልወረደ በስተቀር በምን ይድረስ?

ለመሆኑ ይህ እንዴት መጣ? የኬንያ የባሕር ጠረፍ ዐሥር ማይል ስፋት ያለው ጥብጣብ መሬት እስከ ነፃነት ዓመት እስከ 1963 ድረስ በስም የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነበር፤ እንግሊዞች ደግሞ ያስተዳድሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣው የመሬት ሕግ በጥብጣቡ ውስጥ መሬት አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ፤ ይገባኛል ያልተባለው መሬት የመንግሥት ሆነ። ዲጎዎችን የመሳሰሉት የሚጂኬንዳ ሕዝቦች መሬትን በጋራ እንጂ በግለሰብ ስም ስለማይዙ ብዙዎቹ ሳይመዘገቡ ቀሩ። በአያቶቻቸው መሬት ላይ ያለ ወረቀት የሚኖሩ ሰፋሪዎች ተብለው ተጠሩ። ከነፃነት በኋላም ወረቀቱ በአብዛኛው ወደነሱ አልመጣም። የኬንያ የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት የጠረፉን ሕዝብ የመሬት በደል አንድ በአንድ አንሥቶታል። ስለዚህ ዲያኒ ላይ ያየሁት ግንብ የትናንት ግንብ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ካርታ ሲያነሣ የእግር መንገዶቹን ሳያነሣ በመቅረቱ የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ደግሞ የተቃራኒውን ወገን ክርክር በሐቅ ላቅርብ። አንደኛው ሥራ ነው። ሆቴሎቹ ለአካባቢው ወጣት እንጀራ ናቸው፤ አትክልተኛው፣ ወጥ ቤቱ፣ ዘበኛው ራሱ ከዚያው ሠፈር ነው። ሁለተኛው ፀጥታ ነው። ኬንያ ከአሸባሪዎች ብዙ ጉዳት የደረሰባት አገር ናት፣ ሆቴሉ በሩን መጠበቁ አይገርምም። ሦስተኛው ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ዳርቻው ላይ ቱሪስቱን እየተከተለ «ይቺን አምባር ግዛኝ፣ በጀልባ ላዙርህ» የሚለው ጎረምሳ እንግዳውን ያማርረዋል። አራተኛው ቆሻሻ ነው፤ ሰው በበዛበት ላስቲክ ይበዛል።

እነዚህን አልክድም። ግን አንዳቸውም መንገዱን ለመዝጋት ምክንያት አይሆኑም። ሥራ የሚፈጥረው ሆቴሉ እንጂ የተዘጋው መንገድ አይደለም። በግንቡ ጎን ሦስት ሜትር መተላለፊያ ቢቀር አንድም ወጥ ቤት ሥራውን አያጣም። ፀጥታም ቢሆን ሆቴሉ የራሱን በር ይጠብቅ፣ የሕዝቡን መንገድ ደግሞ ፖሊስ ይጠብቅ፤ እንዲያውም ሰው የሚበዛበት፣ መብራት ያለበት መንገድ ምልክት ከሌለው ጨለማ መተላለፊያ የተሻለ ደኅንነት አለው። አምባር ሻጩን በተመለከተ፣ ልጁ ቱሪስቱን የሚከተለው ሌላ የገበያ ቦታ ስላልተሰጠው ነው። ቆሻሻውን በተመለከተ ደግሞ እኛ የገባንባት መንገድ የቆሸሸችው ብዙ ሰው ስለሚሄድባት አይደለም፣ የማንም ስላልሆነች ነው። የማዘጋጃ ቤት ምልክት ቢተከልባት፣ የቆሻሻ ገንዳ ቢቀመጥባት ትጸዳለች።

ይህ ሕልም አይደለም። ከሞምባሳ በስተሰሜን ባምቡሪ ላይ በጆሞ ኬንያታ ስም የተሰየመ የሕዝብ የባሕር ዳርቻ አለ። በበዓል ቀን የአገሩ ሰው ልጆቹን ይዞ ይሞላዋል፤ የተነፋ የመኪና ጎማ ተከራይቶ ይንሳፈፋል፣ በግመል ይሄዳል፣ ይጫጫሃል። እንደ ዲያኒ ፀጥ ያለ አይደለም፣ ለፎቶም አይመችም። ግን ባሕሩ የሱ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ እዚያ ይታያል። ዲያኒ ራሱ ውስጥም ቢሆን በስተሰሜን ጫፍ የምዋቼማ ወንዝ ባሕሩን በሚገናኝበት ቦታ ከዘመናት በፊት በኮራል ድንጋይ የተሠራ ኮንጎ የሚባል መስጊድ አለ፤ ሰው ዛሬም ይሰግድበታል። መስጊዱ ስላለ መንገዱም አለ። በስተደቡብ ደግሞ ካያ ኪኖንዶ የሚባለው የዲጎዎች የተቀደሰ ጫካ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የሚጂኬንዳ የካያ ጫካዎች ወገን ነው። እንግዳ የሚገባው በማኅበረሰቡ አስጎብኚ ነው፣ ጥቁር ጨርቅ ታጥቆ፣ ሥርዓቱን አክብሮ ነው። እዚያም መግቢያ ይከፈላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፍያለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ገንዘቡን የሚቀበለው ጫካውን እስከ ዛሬ ጠብቆ ያቆየው ሰው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቀጠሮዬ ልመለስ። እኛን ምን አገባን?

እኛ ባሕር የለንም፣ ሐይቅ ግን አለን። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ እንዲያውም ከኬንያዎቹ እንበልጣለን፤ የነሱ ሕዝብ አሸዋው ብቻ ነው የተሰጠው፣ የኛ ግን ሁሉም የጋራ ነው። ታዲያ ቢሾፍቱ ሂዱና ሐይቁን ሳትከፍሉ ለማየት ሞክሩ። ከተማዋ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ በተፈጠሩ ሐይቆች የተከበበች ናት፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። በሐይቆቹ ዙሪያ ግን ሎጅ፣ ሪዞርትና የግል ቪላ በብዛት ተሠርቷል። ብዙውን ቦታ ሐይቁን የምታዩት ቡና አዝዛችሁ ነው፤ የቡናው ዋጋ ደግሞ የቡና ዋጋ አይደለም፣ የሐይቁ ዋጋ ነው። የተማሪ ኪስ ያላችሁ ጓደኞቼ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሆራ ላይ በየዓመቱ ኢሬቻ ሲከበር ሕዝብ በነፃ ወደ ውኃው ይወርዳል። አንድ ዳርቻ ለዘመናት የሕዝብ ሆኖ የሚኖረው እንዲህ ነው፣ ሰው ስለሚሄድበት። ሐዋሳ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል ሰው ምሽት ላይ ሐይቁን እያየ ይንሸራሸራል፤ ቆሎ የምትሸጠዋም፣ ፍቅረኞቹም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም እኩል ነው። ይቺ ነገር ቀላል አይደለችም። አንድ ጊዜ ከታጠረች የምትመለስ አይመስለኝም፤ ግንብ ከመሥራት ማፍረስ ይከብዳል፣ በተለይ ከግንቡ ጀርባ ብዙ ገንዘብ ካለ።

ስለዚህ ምን ይደረግ? እንደ ተማሪ የምችለውን ልበል። አንደኛ፣ ማዘጋጃ ቤቶች የሐይቅ ዳር ቦታ በሊዝ ከመስጠታቸው በፊት የእግር መንገዱን ካርታው ላይ ያስምሩ። ቦታው ከተሰጠ በኋላ መንገድ መለመን ዋጋ የለውም፤ ዲያኒ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ሁለተኛ፣ ያለው መንገድ ምልክት ይተከልበት። ምልክት የሌለው የሕዝብ መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ የጎረቤቱ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከውኃው ጫፍ በቂ ርቀት ሳይታጠር ይቅር፣ ውኃው ሲሞላም ሰው የሚቆምበት ደረቅ መሬት ይኑረው።

አራተኛው ለኛ ለዚህ የትምህርት ክፍል ልጆች ነው። ነገ ተመርቀን ስንወጣ አንዳንዶቻችን የጉዞና የቱሪዝም ዘገባ እንሠራለን። የሆቴል ግብዣ ይመጣል፣ ማረፊያውና እራቱ በነሱ ነው። እንሄዳለን፣ «ገነት ነው» ብለን እንጽፋለን። ማንም ዋሽተሻል አይለንም፤ አሸዋው በእርግጥ ነጭ ነው፣ ሐይቁም በእርግጥ ውብ ነው። ግን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብለን የተማርነው ጥያቄ እዚያ ላይ መቆም የለበትም። በየት በኩል ተገባ? ማን በነፃ ገባ? ማንስ በር ላይ ቀረ? የሚለውን ሳንጠይቅ የጻፍነው ዘገባ በሰው ወጪ የተሠራ ማስታወቂያ ነው። ካሜራ የያዛችሁ ደግሞ ፎቶውን ካነሣችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ዞር በሉና ከጀርባችሁ ያለውንም አንሡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አውጡልን።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። በሚቀጥለው ዕረፍት ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር የምትሄዱ ካላችሁ በሐይቁ ዙሪያ በእግራችሁ ሂዱና ሳይከፈል ወደ ውኃው የሚያስገባ ስንት መንገድ እንዳለ ቁጠሩ። የየትኛው ሠፈር እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ምልክት ይኑረው አይኑረው ጻፉልን። ወንበር ይዘው መንገድ ዳር የተቀመጡ እናት ካገኛችሁም ድሮ ስንት እንደነበረ ጠይቁልን። የመጣውን ሁሉ ሰብስበን በሚቀጥለው እትም በአንድ ካርታ ላይ እናወጣዋለን። የክረምቱን የኔን ድርሻ ቆጥሬያለሁ፤ ዲያኒ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት በሞተር ዞረን ያገኘነው መንገድ ሁለት ብቻ ነው።